ከአፉ የነጠቅኩት ቃል

የዝውውር ማመልከቻዬን የዳይሬክተራችን ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጥኩ ዛሬ ሃያ አንድ ቀን ሆነኝ። አልፈረመበትም። አልመለሰልኝምም። ሰው አንድ ነገር ካልፈለገ አልፈልግም ይላል፤ ከፈለገም እሰየው ብሎ ይፈርማል። የኛ ዳይሬክተር ግን ወረቀቱን ሰማያዊ ፋይል ውስጥ ከትቶ፣ ፋይሉን ብብቱ ሥር ሸጉጦ፣ እኔ ባለሁበት ሁሉ ይዞት ይዞራል። ትናንት በሻይ ሰዓት ከብስኩቱ ሳህን አጠገብ አስቀምጦት አየሁ። ሻዬን ሳልጨርስ ተነሥቼ ወጣሁ።

እኔ መጠበቅ አልችልም። ይህን ስናገር አላፍርም፤ መምህራኑ ስሜን ትተው «ቸኩዬ» የሚሉኝ ያለ ምክንያት አይደለም። ታክሲ በቅጡ ሳይቆም እወርዳለሁ፣ ሻይ ሳይበርድ እጠጣለሁ፣ ሰው ወሬውን ሳይጨርስ መጨረሻውን እነግረዋለሁ። ታዲያ ሃያ አንድ ቀን ለኔ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። እንቅልፍ የለኝም፤ ሥጋዬም እየከዳኝ ነው።

ማመልከቻው ካለፈ የምሄደው አንድ ቀን ሙሉ በአውቶቡስ ተጉዘው ወደሚደርሱበት ከተማ ነው። መቀበያው ዓርብ አሥር ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ከርሞ አይከፈትም። ዛሬ ረቡዕ ነው። መሄድ እንደማልፈልግ ደግሞ ቅጹን በሞላሁ ማግስት ነው ያወቅኩት። ዳይሬክተሩን እወደዋለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ስወደው ኖሬ፣ እንዳይታወቅብኝ ብዬ እፊቱ ስለፈልፍ ነው የከረምኩት።

ያለነው ሥልጠና ላይ ነው። ተማሪ በሌለበት የእረፍት ወር ሠላሳ አራት መምህራንና ዳይሬክተሮች፣ ጉልበታችን አገጫችንን ሊነካ በደረሰበት የሕፃናት ወንበር ላይ ተቀምጠን፣ ለትንንሽ ልጆች ንባብ እንዴት እንደሚያስተምሩ ለአሥር ቀን እንማራለን። አሠልጣኛችን ከኔ ብዙም የማትበልጥ፣ አንገቷ ላይ የሩጫ ሰዓት ያንጠለጠለች ቀጭን ሴት ናት። ድምፅዋ ለስላሳ ነው፤ ምላሷ ግን አይደለም።

ዛሬ ጠዋት አንድ ተንኮል ይዛ መጣች። ራሷ የፈጠረቻቸው ምልክቶች ናቸው፤ ክብ፣ መንጠቆ፣ ጅራት ያለው ነጥብ። እያንዳንዱ የአንድ ፊደል ምትክ ነው።

«ማንበብ የማትችሉበትን ቀን ረስታችሁታል» አለች። «ዛሬ ላስታውሳችሁ ነው።»

ጥንድ ጥንድ አደረገችን። አንደኛው ልጅ ይሆናል፤ በምልክቶቹ የተጻፈች ካርድ ይዞ ያነባል። ሌላው መምህር ይሆናል፤ ካርዷን አያያትም፣ የምልክቶቹን መፍቻ ብቻ ይዞ ልጁ ሲጠይቀው ድምፁን ያስታውሰዋል። ዳይሬክተሮቹ በሙሉ ልጅ እንዲሆኑ ፈረደች። «ቢሮ ቁጭ ብሎ ንባብ ይሻሻል ማለት ቀላል ነው» ስትል መምህራኑ ከልባቸው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ከዳይሬክተሬ ጋር አጣምራኝ ነበር።

ዳይሬክተራችን ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሠላሳ ስድስት ዓመት የሞላው ሰው ነው። ንግግሩ ይያዛል። ልጅ ሳለ ክፉኛ ይንተባተብ ነበር ይባላል፤ አሁን ቀንሶለት፣ ቃል ከመጀመሩ በፊት ትንሽ ይቆማል፣ መሀል ላይ ደግሞ አንዳንዴ ብዙ ይቆማል። ሰዎች ያን ጊዜ ያዝኑለትና ይጨርሱለታል። ከሁሉም በላይ የምጨርስለት እኔ ነኝ። ስብሰባ ላይ «የ... የወላጆች...» ሲል፣ እኔ «የወላጆች ኮሚቴ ማክሰኞ ይሰበሰባል» ብዬ አሳርፈዋለሁ። ደግ ሥራ የሠራሁ ይመስለኝ ነበር።

ንባቡ ተጀመረ። በመምህራን ላይ በመጮህ የታወቀው የጎረቤት ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሁለተኛዋ ምልክት ላይ ቆሞ ግንባሩን ይጠርጋል። አንዷ ዳይሬክተር ካርዷን ገልብጣ በሌላ በኩል ትሞክራለች። የኔው ብቻ ነው ያልደነገጠው። ቃል እንቢ ሲል ምን እንደሚደረግ ከልጅነቱ ያውቃል፤ ጣቱን ከምልክቱ ሥር አድርጎ ቀስ እያለ ይሄዳል።

«ል... ጁ። ልጁ» አለ። «ው... ሃ። ልጁ ውሃ...»

ቆመ።

«ጠጣ» አልኩ።

አሠልጣኟ ከኋላዬ ነበረች። «ማነው የነገረሽ?»

«ውሃ ነዋ። ሌላ ምን ይደረጋል?»

«ይጨርሱላት» አለችው። እሱም ጣቱን ወደ ቀረችው ቃል መልሶ፣ አንድ በአንድ፣ ጊዜውን ወስዶ አነበበ። «ልጁ ውሃ ቀ... ዳ።»

«ቀድቶ ነበር» አለችኝ። «አንቺ አጠጣሽው። ቃሉን ከአፉ ነጠቅሽው፤ ነጥቀሽም ተሳሳትሽ። ይህ ልጅ አሁን የተማረው፣ ዝም ካለ መምህሯ የፈለገችውን እንደምትልለት ነው። ነገም ዝም ይላል።»

«ቸኩዬ ተያዘች» አለ አንዱ፤ ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ። ከዚያ ቀና ብዬ አየሁት። እሱ አልሳቀም። ካርዷን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ፣ ሁለት እጁን አጣጥፎ፣ ያየኛል። ቁጣ አልነበረም፤ ወቀሳም አልነበረም። ብዙ ጊዜ አንኳኩቶ ያልተከፈተለት ሰው በሩን የሚያየው እንደዚያ ነው። ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ፤ ያኔ መጽሐፍ ማከማቻው ውስጥ የሆነው ትዝ አለኝ።

ትምህርት ሊዘጋ ሦስት ቀን ሲቀረው ነበር። የአንደኛ ክፍል ማንበቢያ መጽሐፎችን መደርደሪያ ላይ ስደረድር ገብቶ በሩን ገርበብ አደረገው። «እኔ...» አለ። «እኔ ካንቺ ጋር...» ብሎ ቆመ። እኔ ደግሞ ቆስዬ ነበር። ከሳምንት በፊት ክፍሌ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሳስተምር ታዝቦኝ፣ የክትትል ቅጹ ላይ «መምህርቷን ልጆቹ ይወዷታል። መምህርቷ አትጠብቅም» ብሎ ጽፎብኛል፤ ሌላ ቃል የለውም። በዚያው ሳምንት እናቱ ለእንግድነት መጥተው ኮሪደር ላይ አቁመውኝ «አንቺ የጽዳቷ ልጅ አይደለሽም?» ብለውኛል። እናቱን የማያውቅ የለም። ሃያ ዓመት ትምህርት ቤቱን የመሩ፣ ዛሬም ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ሴት ናቸው። የኔ እናት ደግሞ በእሳቸው ዘመን ያንኑ ኮሪደር ስትወለውል የኖረች ናት። ይህን ሁሉ ደማምሬ፣ የቀረውን ቃል ራሴ ሞላሁት።

«ከኔ ጋር መሥራት ሰልችቶዎታል» አልኩት። «ገብቶኛል። ዝውውር እጠይቃለሁ።»

አፉን ከፈተ። መልሶ ዘጋው። እኔም በአጠገቡ ሽው ብዬ ወጣሁና ከሰዓት በኋላ ቅጹን ሞልቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

አሁን ምን ሊል እንደነበር አላውቅም። «ልጁ ውሃ» ሲባል ጠጣ ያልኩ ሴት፣ «እኔ ካንቺ ጋር» ሲባል ምን ያህል ልሳሳት እንደምችል እግዜር ይወቀው። ቀኑን ሙሉ ከአሠልጣኟ አፍ ከዚያ ወዲያ አንዲት ነገር አልገባኝም። ወረቀቴ ላይ ያሰፈርኩት ጭረት ብቻ ነው።

ወደ ቤት በእግሬ ሄድኩ። ታክሲ ውስጥ መቀመጥ አልቻልኩም። የጎማ ጥገናውን፣ የፎቶ ኮፒ ቤቱን፣ መንገዱ ላይ ካልሲ ዘርግታ የምትሸጠውን ሴት አልፌ፣ የቤታችንን መታጠፊያም አልፌው ኖሮ ተመለስኩ። እናቴ በር ላይ ቁጭ ብላ የቀሚሷን ጫፍ እየሰፋች ነበር።

«ዛሬም እየሮጥሽ ነው?» አለችኝ። «ማን ሊይዝሽ ነው?»

«ማንም።»

«ዳይሬክተሩ ፈረመ?»

«አልፈረመም።»

«ጎሽ» አለች ክሩን በጥርሷ በጠስ አድርጋ።

«ጎሽ? ማን ነው ጎሽ የሚባለው?»

«እሱ ነዋ። ያ ልጅ ድሮም ልብ ያለው ነው። ለኔ ያነብልኝ ነበር እኮ።»

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ይህን ነግራኝ አታውቅም። እናቴ እንዲህ ናት፤ ትልቁን ነገር መርፌ ውስጥ ክር እያስገባች ነው የምታወራው።

«ሰባት ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው» አለች። «ተማሪው ሁሉ ሲወጣ፣ እኔ ስወለውል ይመጣል። አንቺ ጀርባዬ ላይ ተኝተሻል። መጽሐፉን ይከፍታል፤ ይሞክራል፣ ይያዛል፣ ይሞክራል። እሱ አንዲት ገጽ እስኪጨርስ እኔ ሁለት ክፍል እጨርሳለሁ።» ብቻዋን ሳቀች። «አንድ ቀን፣ እናትህ ያን የሚያህሉ አስተማሪ ሆነው ለምን ለኔ ታነባለህ አልኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹አንቺ ማንበብ ስለማትችዪ› አለኝ።»

«እንደዚህ አለሽ?»

«ተናደድኩ። ሳምንት ሙሉ አኮረፍኩት። ኋላ ነው የገባኝ። እኔ ማንበብ ስለማልችል ልጨርስለት አልችልም። ታሪኩ ወዴት እንደሚሄድ እሱ ካልነገረኝ በምን አውቄ? ሌላው ሁሉ ያውቅበታል፤ ገና ሲጀምር ይነጥቀዋል።»

ወደ ውስጥ ገባሁ። እቃ ማጠቢያው ላይ ጎንበስ ብዬ አለቀስኩ። ማንበብ የማትችለው እናቴ የሰጠችውን፣ ስምንት ዓመት ንባብ ያስተማርኩት እኔ ነፍጌዋለሁ። ያን ሌሊት ገና ስለ ዓርብ ሳስብ አልጋው ይቆረቁረኛል፤ ተነሥቼ እቀመጣለሁ፣ ደግሞ እተኛለሁ።

ሐሙስ ዕለት አሠልጣኟን በእረፍት ሰዓት ይዤ «እንዴት ነው ዝም የሚባለው?» አልኳት። በቀልድ የጠየቅኳት መስሏት ነበር። ፊቴን ስታይ ተወችው።

«እጅሽን ከጠረጴዛው ሥር አድርጊና ጣትሽን አንድ በአንድ እጠፊ» አለች። «አምስቱ ሲያልቁ ካልተናገረ እንደገና ከአውራ ጣት ጀምሪ። ምላስሽ ሥራ ካጣ ጣትሽ ይሥራ።»

ያን ቀን ከሰዓት ከአንድ መምህር ጋር ስንለማመድ ሞከርኩት። ሦስተኛው ጣቴ ላይ ላብ አሰመጠኝ። ዳይሬክተሬ ከሌላው ጥግ ያየኛል፤ ሳየው ወደ ወረቀቱ ያቀረቅራል፣ ሳቀረቅር ያየኛል። እንዲህ ስንባባል ቀኑ መሸ።

ዓርብ የምስክር ወረቀት የሚሰጥበት ቀን ነው፤ የክብር እንግዳዋ እትዬ ነበሩ። ግራጫ ጉርድና ኮት ለብሰው፣ መነጽራቸውን በሰንሰለት አንገታቸው ላይ አድርገው፣ አዳራሹን ድሮ ሰልፍ እንደሚያዩት ከዳር እስከ ዳር አዩት። ብዙዎቻችን ሳናስበው ቀጥ ብለን ተቀመጥን። ልጃቸው እንዲያስተዋውቃቸው ተጠርቶ ወጣ። ወረቀት ይዟል።

«የ... የዛሬዋ...» አለ። «የዛሬዋ የክ...»

«የክብር እንግዳ እኔ ነኝ፤ ሁሉም ያውቀኛል፤ ቁጭ በል ልጄ» አሉ እትዬ ከተቀመጡበት፣ በፍቅር። ሰው በደግነት ሳቀ። እሱም ፈገግ ብሎ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ ኪሱ ከተተው። የጻፈው ሁለት ገጽ ይሆናል። ማንም ምን እንደነበር አልጠየቀም። እኔ እኚያን ሴት ሳይ ራሴን ነው ያየሁት፤ አፈርኩ፣ በጣም አፈርኩ።

ፕሮግራሙ ሲያልቅ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የዝውውር ማመልከቻዎቹን ሊሰበስብ አሥር ሰዓት ላይ ይመጣል። ዳይሬክተሬን ስንለማመድበት በከረምንበት ክፍል ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ አገኘሁት፤ ሰማያዊው ፋይል ከፊቱ ነው። ገባሁና ትይዩ ተቀመጥኩ።

«ዳይሬክተር» አልኩ። «ያን ቀን መጽሐፍ ክፍል ውስጥ የጀመሩት ነገር ነበር። አላስጨረስኩዎትም። አሁን ይጨርሱልኝ።»

ቀና ብሎ አየኝ። ብዙ አየኝ። ከዚያ አፉ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣም።

አውራ ጣቴን አጠፍኩ። ሌባ ጣቴን። አዳራሹ ውስጥ ወንበር ሲነባበር ይሰማል፣ አንድ ሰው ገመድ ይጎትታል። አምስቱም አለቁ፤ እንደገና ጀመርኩ።

«እ... እኔ» አለ። ዓይኑን ጨፈነ። «እኔ ካንቺ ጋር...»

እዚያችው ላይ ቆመ። ያቺኑ ቦታ ነበር የነጠቅኩት። ምላሴ ላይ ሦስት መጨረሻ ተደርድሯል፤ መሥራት አልቻልኩም፣ መለያየት ይሻለናል፣ መነጋገር ፈልጌ ነበር። አንዱን ብወረውርለት ከዚህ ጭንቀት ሁለታችንም እንገላገላለን። ከንፈሬን ነከስኩ። ግንባሩ ላይ ሥር ተገትሯል፣ እጁ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዟል። ጣቶቼን ስንት ጊዜ እንዳጠፍኩ አላውቅም።

«ዝም... ዝም ማለት... ሰልችቶኛል።»

ይህን አልገመትኩም። ዓመት ቢሰጠኝ አልገምተውም ነበር።

«በቀን ውስጥ... ስንት የምነግርሽ አለኝ» አለ፤ አሁን መንገዱ ትንሽ ከፈት ብሎለታል። «ልጆቹ ያሉትን። ያ... ያየሁትን። ሁሉንም ይዤው... ቤቴ እገባለሁ።» ትንፋሽ ወሰደ። «እወድሻለሁ።»

ያቺኛዋ ሳትያዝ ወጣች። እሱም የገረመው ይመስለኛል።

እንባዬ መጣ። «ታዲያ ለምን አልጻፉልኝም? ሰው ደብዳቤ ይጽፋል እኮ። ሃያ ሦስት ቀን ስቃጠል።»

«ዕድሜዬን ሙሉ... ስጽፍ ኖርኩ። የሚሰማኝ ሳጣ... እጽፋለሁ። ላንቺ... በአፌ መንገር ፈለግኩ።»

«የጻፉልኝስ? ‹መምህርቷ አትጠብቅም› ያሉት?»

ፊቱ ቀላ። «እሱ... ስለ ክፍሉ... አልነበረም።»

በእንባዬ መሀል ሳቅኩ። እሱም ሳቀ፤ ሳቁ አይያዝም፣ ያምራልም። ከዚያ ፋይሉን ከፍቶ ሁለት ወረቀት አወጣ። አንደኛው የኔ ነው፣ ፊርማ የሌለው። ሁለተኛው በራሱ እጅ የተጻፈ ማመልከቻ ነው፤ ከዳይሬክተርነት ወርዶ ወንዙ ማዶ ባለው ትምህርት ቤት የአንደኛ ክፍል መምህር ልሁን ይላል። ባልና ሚስት አንዱ የሌላው አለቃ ሆኖ በአንድ ትምህርት ቤት መሥራት እንደማይችል ደንቡን ሁላችንም እናውቀዋለን። «ምክንያት» የሚለው መስመር ግን ባዶ ነበር።

«አንቺ... ክፍልሽን አትለቂም» አለ። «ምክንያቱን... ሳልጠይቅሽ... መጻፍ አልቻልኩም።»

መልስ ከመስጠቴ በፊት እትዬ ገቡ።

«መኪናው እየጠበቀን ነው» ብለው ጀመሩ፤ የሁለታችንን ፊት አዩ፣ ጠረጴዛውን አዩ። መነጽራቸውን አድርገው የልጃቸውን ወረቀት አነሡ። ሲያነቡ ከንፈራቸው ይነጣ ነበር። ስድስት ዓመት የያዘው ወንበር እሳቸው ለሃያ ዓመት የተቀመጡበት ወንበር ነው።

«ይህ ምንድን ነው?»

«እማዬ... እኔ...»

«ደክሞሃል።» ወደኔ ዞሩ። «ልጄ ሊል የፈለገው ደክሞኛል ነው። ሥልጠናው ጨርሶታል። ትንሽ ያርፋል፤ ያንቺም ማመልከቻ ይፈረምልሻል፤ ሁሉም በየቦታው ይሆናል።»

እሱ አፉን ዘጋ። ሲዘጋው አየሁት፤ ያን ቀን መጽሐፍ ክፍል ውስጥ እንደዘጋው። ተነሣሁ። የጽዳቷ ልጅ ነኝ፤ እኚህ ሴት ሲያልፉ እናቴ ባልዲዋን ይዛ ግድግዳ ተጠግታ ስትቆም ነው ያደግኩት።

«እትዬ» አልኩ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይጨርስ።»

እንዲህ ያላቸው ሰው ያለ አይመስለኝም። አገጫቸው ከፍ አለ። እኔም ወደ እሳቸው አላየሁም፤ እሱን ነው ያየሁት። አንድ ጊዜ እትዬ ትንፋሽ ሲስቡ፣ ሊናገሩለት ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ ተዉት።

«ያን ወንበር» አለ እሱ እናቱን እያየ፣ «ላንቺ... ብዬ ነው... የያዝኩት። ስድስት ዓመት... ሞከርኩ። እኔ ልጆች... ማስተማር ነው የምፈልገው። እሷን... ነው የምፈልገው።» ቆመ። ሁለታችንም ቆመን ጠበቅነው። «አል... አልደከመኝም እማዬ።»

እትዬ የሕፃናት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ያ ሁሉ ግርማ ጉልበቱ አገጩ ጋ ደረሰ። መነጽራቸውን አውልቀው በጉርዳቸው ጠረጉት፤ ንጹሕ ነበር፣ ግን መጥረጋቸውን አላቆሙም።

«የምረዳው ይመስለኝ ነበር» አሉ። «እንዳይስቁበት። ሳይስቁበት ቀድሜ እጨርስለታለሁ።»

«እኔም እንደዚያው እትዬ» አልኳቸው።

«ለእናትሽ ሲያነብላት ኮሪደሩ ላይ ቆሜ እሰማ ነበር። ከገባሁ ያቆማል። ስለዚህ አልገባም።» ድምፃቸው ተሰበረ፤ ወዲያው ጠገኑት። ተነሡና ኮታቸውን አስተካከሉ። «በዚህ ነገር አልተስማማሁም። ሰምቻለሁ እንጂ አልተስማማሁም።»

በሩ ጋ ሲደርሱ ሳይዞሩ «መኪናው ውስጥ እጠብቅሃለሁ» አሉት። «አትቸኩል።»

አሥር ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ኮሪደሩ ላይ ቁልፉን እያንቀጫቀጨ ሲመጣ ይሰማል። የኔን ማመልከቻ አንሥቼ ቀደድኩት፤ ይህን ለመወሰን ጣት ማጠፍ አላስፈለገኝም። የእሱን ግን በእጄ ይዤ መንቀሳቀስ አቃተኝ። ሰው ወንበሩንና የእናቱን ደስታ ትቶ፣ ስለኔ ብሎ ሲወርድ ማየት ደስታ ብቻ አይደለም። ያስፈራል።

«ይጸጽትሃል?» አልኩት። እርስዎ ማለቱ ከየት እንደጠፋብኝ አላውቅም። እሱም ሰማው፤ ዓይኑ በራ።

አስቦ ነው የመለሰው። «አ... አንዳንድ ቀን» አለ። «ምናልባት።»

በጭራሽ ቢለኝ አላምነውም ነበር። ይህን ስላለኝ አመንኩት። እስክሪብቶውን ከደረት ኪሱ አወጣና ወደኔ ዘረጋ።

«ያቺን መስመር» አለ፣ «አንቺ... ጨርሺልኝ።»

ዕድሜዬን ሙሉ የሰውን ቃል ስጨርስ ኖሬ፣ ጨርሺ የተባልኩት ያን ቀን ብቻ ነው። «ምክንያት» ከሚለው አጠገብ «ጋብቻ» ብዬ ጻፍኩ። ቃሏ ከመስመሩ ወርዳ፣ ጫፏ ላይ የወደቀው እንባዬ ቀለሙን አሰፋው።

ሠራተኛው ገባ፤ ወረቀቱን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘንብሎ አየው። ዳይሬክተሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ወረቀቱን ደግሞ አየ።

«ይቺ ቦታ ተበላሽታለች» አለ። «ሌላ ቅጽ ላምጣላችሁ?»

«አልተበላሸችም» አልነው። እኩል ነበር የወጣው፤ እኔም አልቀደምኩት፣ እሱም አልተያዘም።